ከጢስ ወደ ዱቄት፦ ሲጋራን ለመተው የመጀመሪያ ሱረት የመምረጥ ጥያቄ በለሚ

መግቢያ

ከሙከ ጡሪ ተነስቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚያቀናው መንገድ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ለሚን ያገኛል። ለሚ በሰሜን ሸዋ ዞን የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግዙፍ የሲሚንቶ ፋብሪካ ስሟን ከአካባቢው አልፎ በአገር ደረጃ እንዲጠራ አድርጎታል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ በተተከለበት ሁሉ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የፈረቃ ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ መብዛቱ አይቀርም። በፈረቃ ሥራና በረጅም ጉዞ ላይ የሚውል አጫሽ ሲጋራን ለመተው ሲነሳ የሚገጥመው ችግር የታወቀ ነው፤ እርሱ ጢሱን ቢተውም ኒኮቲኑ እርሱን አይተወውም። በዚህ ጊዜ «በሲጋራው ፋንታ ሱረት ብጀምርስ? ብጀምር የትኛው ይሻለኛል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ለዚህ ጥያቄ የተለመደው የባለሙያ መልስ «ሁለቱም ትምባሆ ነው፤ ሁለቱንም ተው» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ጠያቂውን ካለበት አያንቀሳቅሰውም፤ ሰውየው ከጤና ጣቢያው ወጥቶ ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ገበያው ደግሞ ስለሚሸጠው ዱቄት የሚናገረው የለም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር ወስዶ ይመረምራል። የሚያቀርበውም መከራከሪያ፣ በሲጋራና በሱረት መካከል ያለው ልዩነት የታወቀውን ያህል በአንድ ሱረትና በሌላ ሱረት መካከል ያለው ልዩነት አለመታወቁ የምርጫውን መሠረት ያሳጣዋል የሚል ነው።

ሱረት ሲባል የደረቀ የትምባሆ ቅጠል ተወቅጦና ተነፍቶ በቁንጥር ወደ አፍንጫ የሚሳበው ዱቄት ማለት ነው። በከንፈር ሥር የሚቀመጠውና የሚታኘከው ትምባሆ የቅርብ ዘመዱ ቢሆንም በዚህ ጽሑፍ የሚነሳው ለንጽጽር ብቻ ነው።

ከንፈርና አፍንጫ በአንድ ቅጣት

የኢትዮጵያ ደጋ ሕዝብ ትምባሆን በበጎ ዓይን አላየውም። ቅጠሉ ከመናፍቁ ከአርዮስ ጋር ተያይዞ የበቀለ ነው የሚለው ትውፊት በክርስቲያኑ ዘንድ ሲነገር ኖሯል፤ ማጨስም ከሃይማኖት ድንበር መውጣት ተደርጎ ይታይ ነበር። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨስ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብም አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን የዘመኑን ታሪክ የጻፉ የውጭ ሰዎች መዝግበዋል። የቅጣቱን ጭካኔ ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ አወቃቀሩን ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሕጉ በጢስና በዱቄት መካከል የማዕርግ ልዩነት አላደረገም፤ የለየው አካሉን ብቻ ነው።

ዛሬም በሕግ ደረጃ ያለው አቋም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 822/2006 ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት የትምባሆ ምርት ብሎ የሚተረጉመው ለማጨስ፣ ለመምጠጥ፣ ለማኘክ ወይም በአፍንጫ ለመሳብ የተመረተውን ሁሉ ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ግን «የተመረተ» የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም፤ ወደ እርሷ ኋላ ላይ እንመለሳለን።

የአጠቃቀሙን ስፋት በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በኢትዮጵያ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት 5.0 በመቶው ትምባሆ እንደሚጠቀሙ፣ 3.7 በመቶው እንደሚያጨሱና 1.7 በመቶው ጢስ አልባ ትምባሆ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። የሁለቱ ድምር ከጠቅላላው ይበልጣል። ትርፉ የሚገልጸው ሁለቱንም የሚጠቀሙ ሰዎች መኖራቸውን ነው። ቁጥራቸው ትንሽ ቢመስልም ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከሁሉም የሚያስፈልጉት እነርሱ ናቸው፤ ምክንያቱም ሲጋራን ለመተው ሱረት የጀመረ ሰው ሳይሳካለት ሲቀር የሚደርሰው እዚያው ነው።

ኒኮቲን በአፍንጫ በኩል

የሱረት ተከራካሪዎች ዋና ማስረጃ ቀላል ነው፤ ሱረት አይነድም። የሲጋራ ጉዳት አብዛኛው ከመንደዱ የሚመጣ ነው። ጢሱ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉበት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ይቀንሳል፤ ታሩ ሳንባ ላይ ይጋገራል። በአፍንጫ የሚሳብ ዱቄት ካርቦን ሞኖክሳይድም ታርም ስለማያመነጭ፣ ሲጋራን ሙሉ በሙሉ ትቶ ሱረት ብቻ የሚስብ ሰው ለሳንባ ካንሰርና በማጨስ ለሚመጣው የሳንባ መታፈን ያለው ተጋላጭነት ይቀንሳል። ይህን መካድ ለጤና ትምህርትም አይጠቅምም፤ የሚያጨስ ሰው የሚያውቀውን እውነት የካደ አስተማሪ የማያውቀውን ሲነግረው አይሰማም።

ሁለተኛው ማስረጃ የኒኮቲን ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ማይክል ራስልና ባልደረቦቹ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ ልምድ ያለው ሱረት ሳቢ ከአንድ ቁንጥር በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ በደሙ የሚገኘው ኒኮቲን ሲጋራ ካጨሰ ሰው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳዩ። የአፍንጫ ውስጠኛ ልባስ ስስና በደም ሥር የተሞላ በመሆኑ ኒኮቲኑ ሳይዘገይ ያልፋል። በከንፈር ሥር የሚቀመጥ ትምባሆ ወይም የኒኮቲን ማስቲካ ይህን ፍጥነት አያገኝም። አጫሹ የሚናፍቀው ኒኮቲኑን ብቻ ሳይሆን ቶሎ መድረሱንም ስለሆነ፣ ሱረት ከሌሎቹ ምትኮች ይልቅ ለሲጋራ የቀረበ ስሜት ይሰጣል። በሌላ በኩል ሱስን የሚያጸናውም ይኸው ፍጥነት ነው።

የራስል ቡድን በቀጣዩ ዓመት ያወጣው ጥናት ደግሞ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አመለከተ፤ ጀማሪዎች ከልምድ ሳቢዎች ያነሰ ኒኮቲን ነው የሚያገኙት። ጀማሪ ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ዱቄቱ ወደ ጉሮሮ ይወርድበታል። የመጀመሪያ ሱረት ምርጫ ጉዳይ የሚነሳውም ከዚህ ነው፤ ጀማሪው የተመኘውን ኒኮቲን ሳያገኝ አፍንጫው ተቃጥሎ ወደ ሲጋራው ሊመለስ ይችላል፣ ወይም ብዙ ስቦ በማዞር፣ በማቅለሽለሽና በቀዝቃዛ ላብ ሊያዝ ይችላል።

የአውሮፓ ገበያ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር

በእንግሊዝና በጀርመን የሱረት ንግድ ለዘመናት ስለቆየ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር እንደ ሙያ ዳብሯል። በእንግሊዟ ሼፊልድ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው የዊልሰንስ ወፍጮና በጀርመን የፖሽል ኩባንያ ምርታቸውን በልመት፣ በእርጥበትና በሽታ ይለያሉ። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ እንደ ዱቄት የላመና የደረቀ ሱረት ወደ ጉሮሮ ስለሚዘልቅ ለለመደ ሰው ይቆይ፤ ጀማሪው ሸካራና ረጠብ ያለውን ይምረጥ፤ ቁንጥሩ ትንሽ ይሁን፤ አሳሳቡ ጽጌረዳ እንደማሽተት የለዘበ ይሁን እንጂ እንደ ጉንፋን ንፍጥ ወደ ውስጥ የሚማግ አይሁን። የአዝሙድና የሚንት ሽታ የተጨመረበት ማቃጠሉን ያለዝባል ይባላል።

ምክሩ ለተነገረበት ገበያ ምክንያታዊ ነው። ወደ ለሚ ሲመጣ ግን ሁሉም ነጥብ አይሠራም። በሽታ መምረጥ በኢትዮጵያ ሕግ ቦታ የለውም፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጣዕምና ሽታ የተጨመረበትን የትምባሆ ምርት ከልክሏል። ከዚህ የሚበልጠው ችግር ሌላ ነው። የአውሮፓው ምክር የሚነሳው ሁሉም ሱረት በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው፣ የሚለያየው በምቾት ነው ከሚል ግምት ነው። ማሸጊያ ላይ የአምራች ስም ላለበት ዱቄት ይህ ግምት ሊያስኬድ ይችላል። በእጅ ተወቅጦ በላስቲክ ተቋጥሮ ለሚሸጥ ዱቄት ግን አያስኬድም። ልመትና እርጥበት በጣት ይታወቃሉ፤ ጉዳቱን የሚወስኑት ነገሮች ግን በጣት አይታወቁም።

አመድና ጨው

ከእነዚህ የመጀመሪያው የዱቄቱ አልካላይነት ነው። ኒኮቲን በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ከአሲድ ጋር የተሳሰረ፣ ሌላው ነፃ ነው። በልባስ በኩል በቀላሉ የሚያልፈው ነፃው ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው ፒኤች የተባለው መለኪያ ሲሆን፣ በፒኤች 7 ላይ ከኒኮቲኑ ነፃ የሆነው 9 በመቶ ያህል፣ በ8 ላይ ግማሹ፣ በ9 ላይ ደግሞ 91 በመቶ ያህሉ ነው። እንግዲህ ከአንድ ማሳ የተለቀመ ቅጠል በሁለት እጅ ተዘጋጅቶ አንደኛው አመድ ቢገባበት፣ ሌላው ባይገባበት፣ ሁለቱ ቁንጥሮች በዓይን አንድ ሆነው በደም ውስጥ ግን የተለያዩ ይሆናሉ።

በአፍሪካ በብዙ ቦታ ትምባሆን ከአመድ ወይም ከአፈር ጨው ጋር መቀላቀል የቆየ ልማድ ነው። ምክንያቱ በቤተ ሙከራ ቋንቋ ባይነገርም የዱቄቱ «ኃይል» እንደሚጨምር አዘጋጆቹ በልምድ ደርሰውበታል። ጎረቤት ሱዳን የዚህ ጉልህ ምሳሌ ናት። ቱምባክ የሚባለው የሱዳን ትምባሆ ኒኮቲያና ሩስቲካ ከተባለው ኃይለኛ ዝርያ ተዘጋጅቶ ከካርቦኔት መሰል የአፈር ጨው ጋር የሚቀየጥ ሲሆን፣ የተመረመሩ ናሙናዎቹ በዓለም ከተለኩ ጢስ አልባ ትምባሆዎች ሁሉ ከፍተኛ የሆነ ናይትሮሳሚን ተገኝቶባቸዋል።

ናይትሮሳሚን ሁለተኛው የማይታይ ነገር ነው። በትምባሆ ውስጥ ብቻ የሚገኙት የዚህ ቤተሰብ አባላት ሁለቱ፣ ኤንኤንኤንና ኤንኤንኬ በምህጻር የሚጠሩት፣ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ካንሰር አምጪ ተብለው በመጀመሪያው ምድብ ተቀምጠዋል። የሚፈጠሩትም በአብዛኛው ቅጠሉ ሲደርቅ፣ ሲብላላና ሲከማች ነው፤ ተሕዋስያን በቅጠሉ ያለውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ ናይትራይቱም ከኒኮቲንና ከተዛማጆቹ ጋር ይዋሐዳል። ስለዚህ በእርጥበት ታፍኖ የሰነበተ ዱቄት ቶሎ ከደረቀው የባሰ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ «ረጠብ ያለውን ምረጥ» የሚለው የአውሮፓ ምክር እዚህ ላይ ከመጥቀሙ ይልቅ ሊጎዳ የሚችልበት መንገድ አለ፤ አፍንጫን የሚያለዝበው እርጥበት ያለ ቁጥጥር ለተከማቸ ዱቄት የተሕዋስያን መራቢያ ነውና።

የስዊድንን ምሳሌ የሚጠቅሱ ሰዎች መልስ የሚያገኙትም በዚህ ነጥብ ነው። ስዊድናውያን ወንዶች ስኑስ የተባለውን የከንፈር ትምባሆ በመጠቀማቸው የማጨስ መጠናቸው ከአውሮፓ ዝቅተኛው መሆኑና የሳንባ ካንሰራቸውም ማነሱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስኑስ በእንፋሎት ሙቀት ይታከማል፣ በቅዝቃዜ ይከማቻል፣ የናይትሮሳሚኑ መጠንም ወሰን ተደርጎለታል። የስዊድን ውጤት የተገኘው ከጢስ በመራቅ ብቻ አይደለም፤ ምርቱ ቁጥጥር ያለበት በመሆኑም ጭምር ነው። ስኑስንና ቱምባክን «ጢስ አልባ» በሚል አንድ ስም መጥራት ጠላንና አረቄን «መጠጥ» ብሎ እንደማለፍ ነው።

በአፍንጫ ስለሚሳበው ሱረት በተለይ ያለው የካንሰር ማስረጃ በአፍ ከሚወሰደው ያነሰ መሆኑ መነገር አለበት። ለንደናዊው ሐኪም ጆን ሂል እ.ኤ.አ. በ1761 ሱረት በሚያበዙ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ ያያቸውን እባጮች ጽፎ አስጠንቅቋል። በ1950ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተሠሩ ጥናቶችም በቤት የተዘጋጀ ሱረትን በአፍንጫ አካባቢ ካለው የአጥንት ክፍተት ካንሰር ጋር አያይዘዋል። ሆኖም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ባደረገው ግምገማ በአፍንጫ ስለሚሳብ ሱረት በሰው ላይ ያለው ማስረጃ በቂ አይደለም ብሎ ነበር፤ በኋላ ጢስ አልባ ትምባሆን በጥቅሉ ካንሰር አምጪ ያለው በዋነኝነት በአፍ አጠቃቀም ላይ በተገኘው ማስረጃ ተመሥርቶ ነው። የማስረጃ ማነስ የጉዳት አለመኖር ተደርጎ መነበብ የለበትም፤ በአፍንጫ የሚስቡ ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ የተጠኑትም ጥቂት ናቸው።

የሥራው ባሕርይም መታሰብ ይኖርበታል። የአፍንጫ ልባስና ጥቃቅን ፀጉሮቹ የአቧራ ማጣሪያ ናቸው። ሱረት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ይህን ልባስ ያስቆጣል፣ ያወፍራልም። በድንጋይ ፈለጣ፣ በጭነት ወይም በማንኛውም አቧራማ ሥራ ላይ የሚውል ሰው በአፍንጫው ላይ ሁለት ሸክም ይጭናል፤ የመጀመሪያ ምልክቶቹም፣ ማለትም መታፈን፣ መድማትና የማያቋርጥ ንፍጥ፣ ከየትኛው እንደመጡ ለመለየት ይቸግራል።

መተካት ወይስ መደረብ

እንበል፣ አንድ አጫሽ ከሁሉም የተሻለውን ሱረት አገኘ። የሚጠቅመው ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ከተወ ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያና በቤት ውስጥ የሥራ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ ሲጋራን በፍሬ መሸጥና ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም አይፈቀድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ በሲጋራ ላይ ከመቶኛው ሌላ በእያንዳንዱ 20 ፍሬ ፓኬት 8 ብር ጥሏል። እነዚህ እርምጃዎች ሲጋራን ለማስተው የተወሰዱ መልካም እርምጃዎች ናቸው። ነገር ግን ሱረት ጢስ ስለሌለው በተከለከለው ቦታ ማንም ሳያየው ይሳባል፤ ቀረጥ ሰብሳቢም በእጅ ከተወቀጠ ዱቄት ላይ አይደርስም። ስለዚህ በፈረቃው ሰዓት ሱረት፣ ከፈረቃው በኋላ ሲጋራ የሚል አኗኗር ሊፈጠር ይችላል። በዚህ አኗኗር ሱረት ቀድሞ ያለ ሲጋራ ይታለፉ የነበሩትን ሰዓታት በኒኮቲን ይሞላል፤ ጥገኝነቱንም ያጠብቃል። ከመጀመሪያው የመጨረሻ ሲጋራ ቀን ቆርጦ ያልተነሳ ሰው ሱረት ባይጀምር ይሻለዋል።

ሱረት የሚሰጠውን ፍጥነት ያለ ትምባሆ ማግኘት ይቻል እንደሆነ የጠየቀውም ያው የራስል ቡድን ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. በአፍንጫ የሚጨመር የኒኮቲን ፈሳሽ ሞከሩ፤ ይህ ሐሳብ አድጎ በአፍንጫ የሚረጭ የኒኮቲን መድኃኒት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1992 በላንሴት የታተመው ሙከራ ከረጩት መካከል 26 በመቶው፣ ባዶ ፈሳሽ ከተሰጣቸው መካከል ደግሞ 10 በመቶው ብቻ ዓመቱን ሙሉ ሳያጨሱ መቆየታቸውን አሳየ። የመድኃኒቱ አንድ መጠን፣ ማለትም በየአፍንጫው ቀዳዳ አንድ ጊዜ መርጨት፣ 1 ሚሊግራም ኒኮቲን ይይዛል። ከሱረት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ናይትሮሳሚን የሚያመነጨው ቅጠል የለበትም፣ መጠኑ ይታወቃል፣ በጊዜ እየተቀነሰ የሚቆምበት መርሐ ግብርም አለው። የኒኮቲን ምትክ ሕክምና ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባ ሲሆን፣ ድርጅቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ጨምሮ ይህን ሕክምና ከምክር ጋር እንዲሰጥ አሳስቧል። የለሚ አጫሽ «የትኛውን ልምረጥ» ሲል ሊቀርብለት የሚገባው የመጀመሪያ አማራጭ ይህ ነው። ባቅራቢያው ካለ መድኃኒት ቤት ካላገኘው ግን ንጽጽሩ በወረቀት ይቀራል፣ ሱረቱ ደግሞ በእጁ አለ።

የማይመረጥላቸውም አሉ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለና በአፍንጫው ላይ የቆየ ቁስል ያለበት ሰው ሱረትን እንደ መሸጋገሪያ ማሰብ አይገባውም። አጭሶ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

«የተመረተ» የምትለዋ ቃል

ከላይ እንደተጠቀሰው የማዕቀፍ ስምምነቱ የትምባሆ ምርትን ሲተረጉም «የተመረተ» ይላል። አንቀጽ 9 እና 10 አምራቾች የምርታቸውን ይዘት እንዲያሳውቁና ይዘቱም እንዲለካ ያዛሉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በማሸጊያው ገጽ 70 በመቶ ላይ የሥዕል ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ያዛል። ይህ ሁሉ ማሸጊያና አምራች እንዳለ ያስባል። ከአንድ ጓሮ ተለቅሞ በአንድ ሙቀጫ የተወቀጠ ሱረት ግን አምራቹም ሻጩም አንድ ሰው ነው፤ ማስጠንቀቂያ የሚለጠፍበት ገጽም የለውም። በዚህ ምክንያት ሕጉ የከለከለው ምርት ሁሉ ስሙና መለኪያው ሲታወቅ፣ ጀማሪው በእጁ የሚይዘው ዱቄት ከመለኪያ ውጭ ይቀራል።

ክፍተቱን መሙላት ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። የናይትሮሳሚን ምርመራ ውድ ቤተ ሙከራ ይፈልግ እንጂ ፒኤችን ለመለካት የታወቀ ክብደት ያለው ዱቄት በተጣራ ውሃ በጥብጦ በተስተካከለ መለኪያ ማንበብ ይበቃል፤ ይህም በማናቸውም ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል የሚሠራ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የኒኮቲኑ ጠቅላላ መጠን ከፒኤቹ ጋር ሲታወቅ ነፃው ድርሻ በስሌት ይገኛል። ናሙናው ከለሚ፣ ከዓለም ከተማና ከደብረ ብርሃን ገበያዎች በተለያየ ወቅት፣ በክረምትና በበጋ፣ ቢወሰድ የእርጥበትን ድርሻም ያሳያል። ከሻጩ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ቅጠሉ ከተለቀመ ስንት ጊዜ ሆነው፣ እንዴት ደረቀ፣ ምን ተቀላቀለበት።